የፒራሚዱ ዘዴ በኦክላንድ ዳገት

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሆዜ፣ የእህቴ ልጅ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ጎመን በሥጋው ጣት ያስቆረጥማል፤ አይቡም ትኩስ ነበር። ጨዋታው ግን ከመሃል ተበላሸብኝ። የእህቴ ልጅ ባል ናሆም በዲቪ ከመጣ ብዙም ያልቆየ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ነው። ስልኩን ከፍቶ አንድ ቪዲዮ ያሳየናል። ቪዲዮው የግብፅን ፒራሚዶች ሰው አልሠራቸውም ይላል።

«ሲሪየስሊ አስቡት እስቲ፣» አለ ናሆም ጉርሻውን ሳይጨርስ። «ክሬን የለ፣ ትራክ የለ፣ ብረት እንኳን በወጉ የለ። አንዱ ድንጋይ ሁለት ቶን ምናምን ነው። ማትሱ ራሱ አይሠራም። ኢምፖሲብል ነው።»

«ታዲያ ማን ሠራው?» አልኩት።

«አላውቅም እቴቴ። ሰው ግን አይደለም።»

እኔ በሁለት ነገር ቶሎ ይሞቀኛል። አንዱ መኪና ስነዳ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው መንገድ ሲያሳየኝ ነው። ሁለተኛው ሰው በላቡ የሠራውን ሥራ «ሰው አልሠራውም» ሲሉብኝ ነው። እንጀራዬን አስቀመጥኩና «እኔ አስጎትቻለሁ፣» አልኩት። «ሁለት ቶኑን። ያውም ዳገት።»

ሳቁብኝ። ሳቁ ሲበርድ «እንዴት?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ምሳ ላይ የነገርኳቸውን፣ ከዚያም ወደ ቤቴ ስመለስ የሰማሁትን ጨምሬ ነው አሁን የምጽፈው።

ያኔ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ብዙ የማይርቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። አባቴ ደምሴ አገር ቤት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነበር፤ አሜሪካ ከገባን ወዲህ ደግሞ ታክሲ ይነዳል። እናቴ በስደት ሱዳን ሳለን ነው ያረፈችው። ታላቅ እህቴ አግብታ ሳን ሆዜ ስትገባ ቤቱ ለእኔና ለአባቴ ብቻ ቀረ። እኔ ነርስ ለመሆን ኮሌጅ ገብቼ ነበር። ከነርስነት ጋር የማይገናኝ አንድ ኮርስ ግዴታ ነው ሲሉኝ፣ ቀለል ያለ መስሎኝ የጥንት ታሪክ መረጥኩ። ቀላል አልነበረም። ግን በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ትምህርት የለም።

አስተማሪያችን ብዙ ዓመት ግብፅ ውስጥ ስትቆፍር የኖረች፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠየመው ፈረንጅ ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገባ ከባድ ቦርሳ ተሸክማ መጣች፤ ከውስጡ ድንጋይ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና «ኑ ንኩት» አለችን። እኔ ፒራሚድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ያወቅሁት በእጄ ዳስሼ ነው። የፒራሚዱ ሆድ እዚያው አጠገቡ ከተፈለጠ ሻካራ የኖራ ድንጋይ የተሞላ ነው። ላዩን ያለበሱት ግን ከናይል ማዶ በመጣ ነጭ፣ ልስልስ ባለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ያኔ በፀሐይ ሲያበራ ዓይን ሳይወጋ አይቀርም። የንጉሡን መቃብር ክፍል የሠሩበት ቀይ ግራናይት ደግሞ ከሩቅ ደቡብ፣ ከአስዋን፣ በጀልባ ተጭኖ በወንዙ የወረደ ነው። በድንጋይና በድንጋይ መካከል የሚገባው ጭቃ ከጀሶ የተሠራ ነው፤ ጀሶው ሳይደርቅ ቅባት ሆኖ ከባዱን ድንጋይ ወደ ቦታው ያንሸራትታል። የኖራውን ድንጋይ በመዳብ መሮ ይጠርቡታል። ግራናይቱ ለመዳብ አይበገርም፤ እሱን ከሱ በባሰ ጠንካራ ድንጋይ እየቀጠቀጡ ነው ቅርጽ ያስያዙት። ቀጥቃጩን ሳስበው ገና ክንዴን ያመኛል።

ማጓጓዙ ደግሞ ጉድ ነው። ድንጋዩን በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ያስሩታል፤ ሰው በገመድ ይስባል፤ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ አሸዋው ላይ ውሃ ያፈሳል። ደረቅ አሸዋ ከፊት እየተቆለለ መንገድ ይዘጋል፤ በልኩ የረጠበ ግን ጠጥሮ ያሳልፋል። ወደ ላይ ሲሆን ከአፈርና ከድንጋይ ዳገት ይሠራሉ። የዳገቱ ቅርጽ እንዴት እንደነበረ፣ ቀጥ ብሎ ይሁን ሕንፃውን እየዞረ፣ ምሁራኑ እስካሁን አልተስማሙም። ሠራተኞቹ ባሮች እንዳልነበሩም ያወቅሁት እዚያ ነው። ሰፈር ነበራቸው፤ ዳቦ ይጋገርላቸዋል፤ ጠላ የሚመስል ነገር ይጠጡ ነበር፤ ሥጋም ይበሉ ነበር። እጃቸው ሲሰበር ይታሰርላቸው፣ ሲሞቱም ከሠሩት ሥራ አጠገብ ይቀበሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባቴ እራት ላይ አወርድበታለሁ። ደክሞት ነው የሚገባው፤ ያም ሆኖ ጫማውን እያወለቀ ያዳምጠኛል። አንድ ቀን ግን አቋረጠኝ።

«ሽቅብ መሳቡስ ይሁን፣» አለ። «ሳቢው ሲደክመው፣ ወይ ገመዱ ሲላላ፣ ድንጋዩን ከኋላ ምን ይይዘዋል?»

«እሱን መጽሐፉ አይልም።»

«እንግዲያው መጽሐፉን የጻፈው ሰው ዳገት ላይ ቆሞ አያውቅም፣» አለና ሽሮውን ወደ ራሱ ሳበ።

በዚያው ዓመት፣ በካሊፎርኒያ ዝናብ በሚሆንበት በጥር መግቢያ፣ ነው ገንዳው የመጣው። ምዕመናኑ ተረዳድተው ኮረብታ ላይ ያለ አሮጌ የቤት ዕቃ መጋዘን ገዝተው ቤተ ክርስቲያን አድርገውት ነበር። ግቢው ከመንገዱ በር ጀምሮ እስከ ሕንፃው ድረስ ዳገት ነው። ለጥምቀት የሚሆን ትልቅ የግራናይት ገንዳ አንድ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ አሠሩ። ገንዳው ያምራል፤ ዙሪያው ሐረግ ተቀርጾበታል። ያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ግን ዳገቱን አየና፣ ከበሩ ውስጥ ትንሽ ገባ አድርጎ አራግፎት ሄደ። ክሬን አስጠራን፤ የመብራት ሽቦው ከላይ ተጠላልፎ ስለነበር እጁን አልዘረጋም። ፎርክሊፍት ያለው ሰውም መጣ፤ በዝናብ የራሰውን አፈር በጫማው ጫር ጫር አደረገና ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ። በሩን ገንዳ ዘጋው። መኪና አይገባም፤ አሮጊቶቹ ግድግዳውን ታከው በጎን ነው የሚያልፉት። ጥምቀት ደግሞ ደርሷል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሕንፃ ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሲናደዱ ግን ጆሯቸው የሚቀላ ሰው። ሁሉም ሐሳብ ሰጠ። አንዱ «ፐርሚት አውጥተን ሽቦውን እናስነሳ» ይላል፤ ሌላው «ሲቲው ጋ ኮል እናድርግ» ይላል። እኔ ሻይ ሳድል ነበርና ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«በመንሸራተቻ ይወጣል፣» አልኩ። «ግብፆቹ እንዳደረጉት። እንጨት፣ ገመድ፣ ውሃና ሰው ካለ ይበቃል።»

ጋሽ ወርቅነህ ዞር ብለው አዩኝ። «ቆይ እስቲ፣ ፈርዖን ሆነሽ እኛን ጡብ ልታስረግጪን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አፈርኩ። ግን የሳቁት ሰዎች ሌላ መላ አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ ሐሳብ ሲወድቅ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ይመለሱ ጀመር። እንጨቱ ስንት ይሆን? ውሃውስ ለምንድነው? በመጨረሻ በወረቀት ሳልኩላቸው። አባቴ ከኋላ ወንበር ተነስቶ «ታኮውን እኔ እይዛለሁ፣» አለ። ታኮ የምንለው ከባድ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚሸጎጠውን እንጨት ነው። ማንም አልተቃወመም። እኔ ብቻ አልወደድኩትም፤ ታኮ የሚይዝ ሰው የሚቆመው ከድንጋዩ በታች ነውና።

ቤት ስንገባ ለመንኩት። «አባባ፣ ሌላ ሰው ይያዘው።»

«ማን? የባንክ ጸሐፊው? የኮምፒውተሩ ልጅ?» አለኝ። «እኔ የአሰብን መንገድ በታኮ ነው የኖርኩት። አንቺ ድንጋዩን ወደ ላይ ውሰጂ፤ የታቹን ለእኔ ተዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከባሕሩ የተነሳው ጭጋግ ግን ገና ኮረብታው ላይ ተኝቷል። ባሕር ዛፉ ይሸታል። ከኤመሪቪልም፣ ከሪችመንድም፣ አንዳንዱ ከዳሊ ሲቲ ድረስ ሰው መጣ። ገንዳውን በረጅም ብረት እየፈነቀልን፣ በፈነቀልን ቁጥር ሥሩ እንጨት እየጨመርን ከመሬት አነሳነው፤ ከዚያ መንሸራተቻውን አስገባን። መንሸራተቻው ሁለት ወፍራም ግንድና መሃሉን ያያያዘ ጣውላ ነው። ዳገቱ ላይ ሰፋፊ ጣውላ አነጠፍን፤ ታኮው የሚይዝበት እንዲኖረው በጣውላው ላይ፣ ግንዶቹ በማይረግጡት መሃሉ፣ አጫጭር እንጨት አግድም መታን። በላዩ ጭቃ ቀባን፤ ውሃ አፈሰስንበት።

እዚህ ላይ አባቴ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በጣቱ ነካና ወደ እኔ ቀና አለ። «ለመውጣት ካለሰለሰ፣ ለመውረድም ያለሰልሳል፣» አለኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ ውርደት ነበር። ከሃያ የማያንሱ ወንዶች ሁለቱን ገመድ ያዙ። አንዱ «ሳቡ!» ሲል ሌላው «ቆይ፣ ቆይ!» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ታሪክ ያወራል። እኛ ሰዎች ስንሰበሰብ ሁላችንም አዛዥ ነን። ግብፆቹ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ፊት አዙረው ነው የሚስቡት ብዬ ነበር፤ አልሰሙኝም። «ድንጋይ ከኋላዬ አድርጌ? ሳላየው?» አሉ። ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዙረው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ መሳብ ፈለጉ። ይህን ልብ በሉት፤ በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ገንዳው ግን ንቅንቅ አላለም።

የጋሽ ወርቅነህ ጆሮ ቀላ። «በቃ! አንድ ሰው ይዘዝ!» ብለው ጮኹ። «የምታዝም እሷ ናት። ያመጣችብን እሷ፣ ታውጣን።»

ከዳገቱ ጎን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቆሙኝ። ከዚያ ሳቢዎቹንም ገንዳውንም አያለሁ። ከገንዳው በታች፣ ከበሩ በላይ አባቴ አለ፤ የሚታየኝ ግራጫ ኮፍያው ብቻ ነው። ድምፄን ጠረግሁ። «አንድ…» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። አንዱ «ከኔ ቤት ድመት ታንሳለች!» አለ። ተናደድኩ። ንዴት ጥሩ ነው፤ ጉሮሮ ይከፍታል። «አንድ! ሁለት!» ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሆ!» አሉ፤ ገንዳው ተንቀሳቀሰ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም። መንሸራተቻው ጭቃው ላይ ሲጢጥ አለ፤ ስንዝር ወጣ፤ ከኋላ አባቴ ታኮውን ገፍቶ «ያዝኩ!» አለ። ሳቢዎቹ ተነፈሱ። እንደገና «አንድ! ሁለት!»፣ «ሆ!»፣ «ያዝኩ!»። ሥርዓቱ ገባን። እኔ ሳልጣራ ማንም አይስብም፤ አባቴ «ያዝኩ» ሳይል ማንም ገመድ አያላላም። ገንዳው ስንዝር በስንዝር ይወጣል፤ አንዱ ከፊት ባልዲ ይዞ ውሃ ያርከፈክፋል። አስተማሪዬ ብታይ ምን ትል ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጋሽ ወርቅነህ «ዕረፍት» አሉ። ሴቶቹ ከላይ ከወጥ ቤት ድፎ ዳቦና በፕላስቲክ ጋሎን የተሞላ ጠላ ይዘው ወረዱ። ሳቄ መጣ፤ ዳቦና ጠላ! የፒራሚዱ ሠራተኞች ቀለብ ሳይጎድል መጣልን። አባቴ ግን ጠላውን አልቀመሰም። ዳቦውን ብቻ እየቆረሰ ታኮው ላይ ተቀምጦ ከላዩ የተደቀነውን ድንጋይ ያየዋል። አጠገቡ ሄድኩ።

«ደከመህ?»

«አልደከመኝም። ከበደኝ።»

«ድንጋዩ?»

«እዚህ ሆነሽ ስታዪው ሌላ ነው፣» አለኝ። «ሂጂ፣ ቦታሽን ያዢ።»

የቀረው የዳገቱ ክፉ ክፍል ነበር፤ ከሕንፃው በፊት ቀጥ ይላል። ፀሐይ ጭጋጉን ገፍታ ወጣች፤ ጭቃው አብረቀረቀ። ሳቢዎቹ ደክመዋል፤ እጃቸው ተልጧል፤ ቀልዱም ቆሟል። የሚሰማው የእኔ ድምፅ፣ የእነሱ «ሆ!»፣ የአባቴ «ያዝኩ!» ብቻ ነው። እያንዳንዱን «ያዝኩ» ስሰማ ትንፋሼን እለቃለሁ።

«አንድ! ሁለት!»

«ሆ!»

ገንዳው ወጣ። ታኮው ገና አልገባም። በዚያች ቅጽበት የመንገዱ በር ተከፈተና የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ አባታችን ገቡ።

ካህን ሲመጣ እኛ ዘንድ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። ማንም አያዘውም፤ እጅ ራሱ ነው የሚሠራው። ኮፍያ ይወልቃል፤ ራስ ጎንበስ ይላል፤ ሰው መስቀል ሊሳለም ይንቀሳቀሳል። አባታችን መስቀላቸውን በነጭ መሐረብ ይዘው ከበሩ ውስጥ ቆሙ። በጎን ተደርድረው ያዩ የነበሩት እናቶች ከነልጆቻቸው ወደ እሳቸው ፈሰሱ፤ ፈስሰውም ጣውላው ከታች በሚጀምርበት ላይ፣ በድንጋዩ መውረጃ፣ ተሰበሰቡ። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው የነበሩት ሳቢዎቼ ደግሞ አባታችንን አዩ። አንደኛው አንድ እጁን ከገመዱ አነሳ። ቀጥሎ ሌላው አነሳ። ሦስተኛው ባርኔጣውን ሊያወልቅ ገመዱን በብብቱ ያዘ። ሁሉም ጎንበስ አሉ። ገመዱ ላላ።

ገንዳው ወደ ኋላ ሲሄድ ድምፅ አላሰማም። ሲወጣ ሲጢጥ ይል የነበረው መንሸራተቻ ሲወርድ ዝም አለ። የአባቴን ኮፍያ ፈለግኩት፤ አልታየኝም።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ያደግኩት በትልልቆች ፊት ድምፄ እንዳይሰማ እየተነገረኝ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ። ጮህኩ። «አትሳለሙ!» አልኩ። «አትሳለሙ! ገመዱን ያዙ! አትሳለሙ እላችኋለሁ! አባባ፣ ታኮ! ታኮ! አባባ!»

ግቢው ደነገጠ። ሰዎቹ መጀመሪያ የደነገጡት በድንጋዩ አይመስለኝም፤ በእኔ ነው። አንዲት ልጃገረድ በካህን ፊት «መስቀል አትሳለሙ» ብላ ስትጮህ ሰምተው አያውቁም። ግን ድንጋጤው እጃቸውን መለሰው። ገመዱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጋሽ ወርቅነህ ራሳቸው ተወርውረው ገመዱ ላይ ተንጠለጠሉ። ገመዱ ተወጠረ፤ ግን ጭቃው ላይ የእነሱም እግር ይንሸራተታል። ገንዳው ይወርዳል። ከዚያ ከሥሩ የእንጨት ድምፅ መጣ፤ ከባድ፣ ደረቅ ድምፅ። መንሸራተቻው ተንቀጠቀጠና ቆመ።

ጠበቅኩ። ያቺ ጥበቃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከጠበቅኩት ሁሉ ትረዝማለች። አባት አለኝ ወይስ የለኝም የሚለውን ነበር የምጠብቀው።

«ያዝኩ፣» አለ አባቴ።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ከታች አባታችን ሕፃናቱን በሁለት እጃቸው ወደ ግድግዳው እየገፉ «ውጡ፣ ከዚህ ውጡ!» ይላሉ። ከዚያ ዳገቱን በጎን ወጥተው ወደ እኔ መጡ። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ተነሳሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«መስቀሉ የትም አይሄድብንም ልጄ፤ ድንጋዩ ግን ሊሄድ ነበር፣» አሉ። መስቀሉን መሐረቡ ውስጥ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ያዙ። «በዪ፣ ጥሪ፣» አሉኝ።

ጠራሁ። ድምፄ ተሰንጥቆ ነበር፤ ቢሆንም ጠራሁ። ገንዳው ወጣ፣ ቦታውም ገባ። የዚያን ዓመት ጥምቀት ሰው ሁሉ ከዚያ ተረጨ። እኔም ተረጨሁ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያን ቀን ግቢው ሁሉ በራሱ መንገድ ተረከው። የእኔን ጩኸት የሚያነሳው ጥቂት ነው፤ ያፍሩልኝ ነበር መሰለኝ። የሚነሳው የአባቴ ጀግንነት ነው። «ሁለት ቶን ድንጋይ ሲመጣበት ደምሴ ፍንክች አላለም!» ይላሉ። ከበስተኋላው እናቶችና ሕፃናት እንዳሉ አይቶ፣ ዘሎ መውጣት ሲችል ቆሞ ታኮውን ገፋ ይላሉ። በየጥምቀቱ ሲነገር እሰማለሁ። እኔም አምኜበት በልቤ ስኮራ ኖርኩ። አባቴ ራሱ ግን ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም፤ ሲያነሱበትም ወሬ ይቀይራል። ትሕትና ነው ብዬ ነበር።

ናሆም ይህን ሁሉ ሰምቶ «ኦኬ፣ ድንጋዩ ይወጣል፣» አለ። «ግን እሳቸው ለምን አልሸሹም? ሪያክሽን ታይሙ ራሱ ያስቸግራል እኮ። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

ጠይቄው አላውቅም ነበር። ይህን ያህል ዘመን! በስምንት ሰማንያው አውራ ጎዳና መኪናው ተጨናንቆ ስጎተት ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አባቴ አሁን ሰማንያውን አልፏል፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። የመጣልህን ብላ ብዬ ከእህቴ ልጅ የተላከለትን ጎመን አስቀመጥኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ያኔ ገንዳው ሲመለስብህ ለምን አልሸሸህም?»

ብርቱካኑን መላጡን አላቆመም። ቆይቶ «ማን አልሸሸም አለሽ?» አለ።

«ሁሉም። ሰዎቹን አይተህ ቆምክ ይላሉ።»

«ሰዎቹንስ አይቻለሁ። ዓይኔ የነበረው ግን እነሱ ላይ አይደለም።» ቢላውን አስቀመጠ። «ዞሬ ነበር፣ ልጄ። አባታችንን ሳይ ታኮውን መሬት ላይ ተውኩት። ኮፍያዬን አውልቄ፣ ድንጋዩን ጀርባ ሰጥቼ፣ ልሳለም መንገድ ጀምሬ ነበር። ድንጋዩ እየመጣ እንደሆነ አላወቅሁም። ድምፅ አልነበረውም።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ አንቺን ሰማሁ። ከተወለድሽ ጀምሮ ጮኸሽብኝ አታውቂም። ምን ሆነች ብዬ ዞርኩ። ድንጋዩን አይቼ አይደለም ታኮውን ያነሳሁት፤ ልጄ ‹ታኮ› ብላ ጮኸች፣ እጄ አነሳው። ያየሁት ከያዝኩት በኋላ ነው።» ብርቱካኑን መልሶ አነሳ። «ጀግናው ሲሉኝ ልንገራቸው እያልኩ፣ ዓመቱ ሄደ።»

አሁን፣ ይህ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ ፈራሁ። ያን ቀን የፈራሁት ትንሽ ነው። ድምፄን እንደ ወጉ ዝቅ አድርጌ ቢሆን ኖሮ፣ ካህኑ እስኪያልፉ ጠብቄ ቢሆን ኖሮ፣ ጀርባውን እንደሰጠ ድንጋዩ ያገኘው ነበር። ያን ያህል ጠባብ እንደነበረ ማንም አልነገረኝም። ፒራሚዱን የሠሩትም ሰዎች ዳገት ላይ ሆነው፣ እንዲህ ያለ አንድ ጩኸት ሳይደርስላቸው የቀሩ አይጠፉም ብዬ አሰብኩ፤ ለማላውቃቸው ሰዎች አዘንኩ።

ብርቱካኑን ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። ብርቱካኑን ተቀብዬ እጁን ያዝኩት።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ምንም፣» አልኩት፤ ግን አልለቀቅኩትም።